ልጄን ልጅ ሊያደርጉ የመጡት ጃፓናዊ

የዚያን ዕለት ቤቴ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። እኔ፤ ከጃፓን ለእረፍት የመጣው ወንዱ ልጄ፤ ኮሌጅ የምትማረው ታናሽ እህቱ፤ ጋሼ የምላቸው የሟች ባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ፤ ኮንዶሚኒየሙ ከመሠራቱ በፊት እዚሁ ኮዬ ፈጬ ጤፍና ምስር ያርሱ የነበሩት ጎረቤታችን አባባ፤ ወጥ ልታግዘኝ የመጣች የፎቃችን ጎረቤት፤ እና እሳቸው፣ ልጄን ልጃቸው ሊያደርጉ የመጡት ጃፓናዊ ሽማግሌ። የነፍስ አባታችንም ተጠርተው ነበር፤ ቀብር ስለገጠማቸው አልመጡም። እሳቸው ቢኖሩ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዝ ነበር እያልኩ አሁንም አስባለሁ።

ልጄ ዋናውን ነገር ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የሚናገር ሰው ነው። ተማሪ ሳለ ወላጅ አምጣ መባሉን የሚነግረኝ ጠዋት ጫማውን እያሰረ ነበር። እኔ ደግሞ ነገር አስቀድሞ ካልተነገረኝ ጠይቄ ሳላውቅ የማላድር ሴት ነኝ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከአምስተኛ ክፍል ነው፤ ከዚያ በኋላ የማውቀውን ያወቅኩት ተጠንቅቄና ሰው ጠይቄ ነው። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ስሠራም ክር ሊበጠስ ሲል ነበር የማየው እንጂ ከተበጠሰ በኋላ አልነበረም። እንዲህ ካለች እናት እንዲያ ያለ ልጅ እንዴት እንደተወለደ ፈጣሪ ይወቀው።

ወደ ጃፓን የሄደው የማሽን ሥራ ሊማር ነው። እዚህ አቃቂ ቴክኒክ ተምሮ ጥሩ ውጤት ስላመጣ ዕድሉን አገኘ፤ እሰየው ብለን ሸኘነው። ከሄደ በኋላ አንድ ቀን ደውሎ፣

«እማ፣ ቅዳሜና እሁድ የምሠራው ሥራ አገኘሁ» አለኝ።

«ምን ሥራ?»

«ሰው ማልበስ።»

«ልብስ ስፌት ነው?»

«አይ፣ ፈረንጆችን ሳሙራይ ማልበስ ነው።»

ይህን ለማስረዳት የፈጀበት የስልክ ካርድ ብዛት! ሳሙራይ ማለት በድሮ ዘመን ጎራዴ ታጥቆ ጌታውን የሚያገለግል ወታደር ነው አለኝ። አሁን የለም። የለም ግን ይፈለጋል። ከየአገሩ የመጡ ጎብኚዎች አንድ አሮጌ የእንጨት ቤት ይገባሉ፤ በር ላይ ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ የጥንቱን ልብስ ይለብሳሉ፤ እንዴት እጅ እንደሚነሳ፣ እንዴት ተንበርክኮ እንደሚቀመጥ፣ ጎራዴ እንዴት እንደሚያዝ ይማራሉ። በመጨረሻ የቤቱ ባለቤት፣ ልጄ መምህሬ የሚላቸው ሽማግሌ፣ ውሃ የራሰ የተጠቀለለ ሰሌን አቁመው በአንድ ምት ይቆርጡታል። እንግዶቹ ያጨበጭባሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ።

«ጎራዴው ስለት አለው?» አልኩት።

«የእንግዶቹ የለውም። የመምህር አለው።»

«አንተ የምትይዘው የትኛውን ነው?»

«ኔትወርኩ ይቆራረጣል እማ፣ አይሰማኝም» አለ። ለእኔ ግን ጥርት ብሎ ነበር የሚሰማኝ።

አንዳንዶቹ ጎብኚዎች፣ እሱ በር ላይ ቆሞ ሲቀበላቸው፣ ወደ ኋላው አሻግረው እያዩ «ጃፓናዊው የታለ?» ይሉታል። ያን ያህል አገር አቋርጠው መጥተው አቃቂ የተወለደ ልጅ ሲያለብሳቸው ግራ ቢገባቸው አልፈርድባቸውም። ሽማግሌው ይህን ሲሰሙ ወጥተው፣ «የዚህ ቤት ሰው እሱ ነው፤ እሱ ካላስገባችሁ መግቢያ የላችሁም» ይላሉ አሉ። ልጄ ይህን ሲነግረኝ ይስቅ ነበር። እኔ ግን «የዚህ ቤት ሰው» የሚለው ጆሮዬ ላይ ቀረ።

ኋላም ጠቅልሎ እዚያው ቤት መኖር ጀመረ። ከዚያ ለእረፍት ሊመጣ ሲል፣

«እማ፣ መምህሬ አብረውኝ ይመጣሉ» አለኝ።

«እንኳን ደህና መጡ። አገር ሊያዩ ነው?»

«ሊያናግሩሽ ነው።»

«ስለ ምን?»

«ሲመጡ ይነግሩሻል።»

እንዲህ ተብሎ እንቅልፍ አለ? እየደወልኩ ጨቅጭቄ፣ ሊመጡ ጥቂት ቀን ሲቀር አወጣው። ሽማግሌው ልጅ አልወለዱም። ሚስታቸው ሞተዋል። ቤቱ ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ የመጣ ነው፤ ተረካቢ ከሌለ ይዘጋል። በእነሱ አገር እንዲህ ሲሆን የደረሰ ሰውም ቢሆን በሕግ ልጅ ይደረጋል፤ የቤተሰቡን ስም ይይዛል፤ የቤቱንም ሥራ ይይዛል።

«ያንተ ስምስ ምን ይሆናል?»

«የኔ ስም አለ። የሚለወጠው ከኋላው ያለው ነው።»

«ከኋላው ያለው እኮ አባትህ ነው!»

አባቱ የሞተው እሱ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ነው። ብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር፤ ሲገባ ሲወጣ እጁ የማሽን ዘይት ይሸት ነበር። ያን ሰው ከልጁ ስም ላይ አንስተው የማላውቀውን ሰው ሊያስቀምጡ ነው። ስልኩን ዘግቼ ኩሽና ውስጥ ቆሜ ቀረሁ። እምቢ ልል ቆረጥኩ።

ቢሆንም ልጅ ሊጠይቅ የሚመጣን ሰው ሴት ብቻዋን አትቀበልም። በእኛ ወግ የሚጠይቅም ሽማግሌ ይዞ ይመጣል፣ የሚጠየቅም ሽማግሌ ይዞ ይጠብቃል። ስለዚህ ጋሼ ወደሚኖሩበት ሰፈር፣ በሰቃ ድረስ ወርጄ ነገርኳቸው። ከተቀመጡበት ተነሱ።

«ወንድሜ መካን ነበር እንዴ? ዘር ያለው ሰው ልጁን ለሰው ይሰጣል?»

«ጋሼ፣ እኔ መች እሰጣለሁ አልኩ? እንዴት እንደምመልሳቸው ነው የጨነቀኝ።»

አባባን ያማከርኳቸው ደግሞ በራችን ላይ ፀሐይ ሲሞቁ አግኝቻቸው ነው። እሳቸው አልደነቃቸውም።

«ጉዲፈቻ ነው እኮ ልጄ። እኛ ዘንድ የነበረ ነው።»

ዕለቱ ሲደርስ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንግዳው ሳይመጡ ገና ሶፋዬ ላይ በዚሁ ተያያዙ።

«ጉዲፈቻ ለሕፃን ነው» አሉ ጋሼ። «ይሄ ጢም አብቅሏል! ማን ሊያሳድገው ነው?»

«ድሮ ትልቅ ሰውም ልጅ ይደረግ ነበር» አሉ አባባ። «አገር የሌለው መጥቶ ልጅ ይሆናል። ከተደረገ በኋላ ከየት መጣህ ብሎ መጠየቅ ነውር ነበር።»

«የኔ ወንድም ልጅ አገር አለው!»

«አለውና ለምን ሄደ?»

ጋሼ ወደኔ ዞሩ። «ስሚ አንቺ። እሺም እምቢም አይባልም። የሰው ልጅ ሲጠየቅ በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል ቤተሰብ ልጁን የጠላ ነው የሚመስለው። በመጀመሪያው ቀን እምቢ የሚልም ባለጌ ነው። 'እንመካከርበት፣ ተመልሰው ይምጡ' ነው የሚባለው። የሚፈልግ ሰው ይመለሳል። ሲመለስ ያኔ እናያለን።»

ልክ ናቸው አልኩ። እኔ ለትዳር የተጠየቅኩ ጊዜ አባቴ ሽማግሌዎቹን ደጋግመው መልሰዋቸዋል። ባለቤቴ አንድም ቀን አልከፋውም፤ ተመለሱ ከተባለ በሩ አልተዘጋም ማለት መሆኑን ያውቃል። ለሠርጉ የሚሆን ልብስ ያሰፋው ከመጀመሪያው መልስ በኋላ ነው።

እንግዳው በባጃጅ መጡ። ልጄ በታክሲ ሊያመጣቸው ሲችል፣ «ራሳቸው ባጃጅ ካልሆነ አሉ» አለኝ። ቀጭን፣ ነጭ ፀጉር፣ ረጅም የጨርቅ ከረጢት ይዘዋል። የግቢው ጥበቃ ከረጢቱን ካልፈታሁ ብሎ ፈታው፤ ጎራዴ ወጣ። የእንጨት ነው። ግን የእንጨት መሆኑ እስኪታወቅ ድረስ የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። እኔ በረንዳ ላይ ሆኜ ሳየው ፊቴን የት ላድርገው። «ጎራዴ ይዘው ይመጣሉ ብሎ የነገረኝ አለ?» ብዬ ልጄን ደረጃው ላይ ያዝኩት።

«እንጨት ነው እማ።»

«እንጨት መሆኑን ለሰፈሩ አንተ ዞረህ ንገር!»

በር ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ካልሲያቸው አውራ ጣቱ ላይ ለሁለት የተከፈለ ነው። ጎረቤቴ ከኩሽና ብቅ ብላ አይታ፣ «ውይ፣ እንደ በግ ሰኮና!» ብላ ተመልሳ ገባች። እንግዳ ጫማ ሲያወልቅ እኛ ተጫምተን መቀመጥ አሳፈረንና ሁላችንም አወለቅን። ጋሼ ብቻ እንቢ አሉ። ካልሲያቸው ቀዳዳ እንዳለው እኔ ስለማውቅ አልተከራከርኳቸውም።

ሶፋውን ስጠርግላቸው እሳቸው ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩ። እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀጥ ብለው።

«አስነሳው እንጂ!» አሉ ጋሼ ልጄን። «እንግዳ መሬት ላይ እኛ ሶፋ ላይ? ምን የሚሉት ጥጋብ ነው?»

«ጋሼ፣ የሚለምን ሰው እንዲህ ነው የሚቀመጠው። ቢነሡ ለእሳቸው ነው ነውሩ።»

አባባ ይህን ሲሰሙ እያቃሰቱ ከሶፋው ወርደው አጠገባቸው ተቀመጡ። እኔም ወረድኩ። ወንዱ ልጄና ሴቷ ልጄም ወረዱ። ጋሼ ብቻቸውን ሶፋው ላይ፣ ከነጫማቸው፣ እንደ ዳኛ ቀሩ።

ሽማግሌው መናገር ጀመሩ፤ ልጄ ይተረጉማል። ስለ ራሱ የሚባለውን ራሱ ሲተረጉም ድምፁ እንደ ሬዲዮ ዜና ደረቀ።

«ብዙ ወጣቶች እኔ ዘንድ መጥተዋል ይላሉ። ጎራዴውን ይወዱታል፤ ወለሉን ማጽዳት አይወዱም። እሱ ግን መጀመሪያ የወደደው ወለሉን ነው ይላሉ። በየጠዋቱ ማንም ሳያዘው ያጸዳል።»

«ማን? እሱ? እኔ ቤት እኮ መጥረጊያ ነክቶ አያውቅም!» አልኩ፤ ሳላስበው ጮክ ብዬ።

ልጄ ይህን አልተረጎመም። ሽማግሌው ምን አሉ ብለው ጠየቁ። ሴቷ ልጄ በሳቅ ፈረሰች። ግድ ሆኖበት ተረጎመ። ሽማግሌው ወደኔ ዞረው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ፤ ቀጥለውም፣ «እናቱ ቤት ያላጸዳውን እኔ ቤት ማጽዳቱ ያሳዝናል፤ ዛሬ ያጽዳልዎ» አሉ። ጎረቤቴ ከኩሽና «እሰይ!» አለች።

ከዚያ፣ ልጅዎ የሚወርሰውን ሥራ ሳያዩ እንዲፈርዱ አልፈልግም፤ ለውጭ እንግዶቼ የማደርገውን ላድርግላችሁ፤ እዚህ የውጭ ሰው እኔ ብሆንም አሉ። ከከረጢቱ ልብሱን አወጡ። ማን ይለብሳል ሲባል፣ ጋሼ እንቢ ይላሉ ስንል፣ «ከእኔ ሌላ ማን ይለብሳል?» አሉ። ያኔ ጫማቸውን አወለቁ። ቀዳዳው ታየ። ማንም ምንም አላለም፤ ሽማግሌውም እንዳላዩ ሆኑ።

እንዴት እንዳለበሷቸው ብነግራችሁ። እፊታቸው ተንበርክከው፣ ልብሱን ከግራ ከቀኝ አደራርበው፣ መታጠቂያውን ሲያዞሩ ሲስቡ ሲቋጥሩ፣ አንድ ጊዜ እንኳ አልቸኮሉም። ሰፊውን ሱሪ አልብሰው እጥፋቱን አንድ በአንድ በእጃቸው አቀኑ። ጋሼ መጀመሪያ ኮስተር አሉ፤ ኋላ ደረታቸው እየወጣ መጣ። ልጅ ሆኜም እንዲህ አልለበስኩም አሉ።

መታጠቂያው ገና ሳይጠብቅ ግን ጋሼ ለፎቶ እጃቸውን ሲያነሱ ልብሱ ደረታቸው ላይ ተከፈተና ካናቴራቸው ታየ። እኔ አፈርኩላቸውና ዘልዬ ከደንኩት።

«እማ! ተይ!» ልጄ ጮኸ። ሽማግሌው ደንግጠው እጄን ሊይዙ ቃጥተው ተዉት።

«ምን አደረግኩ?»

«ቀኙን ከግራው ላይ አደረግሽው! እንደሱ የሚለብሰው የሞተ ሰው ነው። ሬሳ ነው እንዲህ የሚለብሰው!»

«በቁሜ ገነዝሽኝ!» አሉ ጋሼ።

ቶሎ መለስኩት። ነገሩን ለመረዳት ግን ማንም ሊያስረዳኝ አላስፈለገም። እኛስ ነጠላ ስናደርግ ጥለቱ ወዴት እንደዋለ አይቶ ሐዘን ይኑር ሠርግ የማያውቅ ማን አለ? አንዲት ፈረንጅ መጥታ ሠርግ ላይ ነጠላዬን ወደ ሐዘን ብታዞርብኝ እኔም እጮህ ነበር። «እንዲህ ያለውን አስቀድመህ አትናገርም?» አልኩት ልጄን።

«አንቺ ታስተካክያለሽ ብዬ መች አሰብኩ?»

«እናትህን አታውቃትም? ያላስተካከልኩት ነገር አለ?»

ሽማግሌው ይህን ሲተረጎምላቸው ሳቁ። ከዚያ ለጋሼ ጎራዴውን ሰጧቸው፤ መጀመሪያ ለጎራዴው እጅ ይነሳል አሉ። ጋሼ እጅ ነሱ። ቀጥለው ሽቅብ ሲያነሱት ነፍሴ አምፖሉ ላይ ነበረች። «ጋሼ፣ ቀስ! ጋሼ፣ ቴሌቪዥኑ!» እያልኩ ከኋላቸው ስዞር፣ በስልኳ የምትቀርጸው ሴቷ ልጄ ደግሞ «እማ፣ ቀረጻው ውስጥ ገባሽብኝ» ትለኛለች። እንጨት ቢሆንስ፣ እንጨት አምፖል አይሰብርም?

ሁሉ ሲረጋ ሽማግሌው ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የባለቤቴን ፎቶ አዩ። ማን እንደሆነ ሳይጠይቁ አወቁ መሰለኝ፣ ተነሥተው እፊቱ ቆመው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ። አባባም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ያኔ እኔ በቀጥታ ጠየቅኳቸው። «ስምዎን ሲሰጡት የዚህን ሰው ስም ምን ሊያደርጉት ነው?»

ልጄ ቀና ብሎ አየኝና ተረጎመ። ሽማግሌው እንዲህ አሉ፤ ቤቴ ውስጥ የሞቱብን ሰዎች መደርደሪያ አለ። አባቴ፣ አያቴ፣ ሚስቴ እዚያ ናቸው። ጠዋት ጠዋት ውሃና የበሰለ ሩዝ እናቀርብላቸዋለን፣ ስማቸውን እንጠራለን። ልጅዎ መጀመሪያ ከኔ ጋር መኖር ሲጀምር የአባቱን ፎቶ የት እንደሚያስቀምጥ ጨንቆት አየሁ። እዚያ አስቀምጠው አልኩት። ከዚያ ጀምሮ የባለቤትዎን ስም እኔም በየጠዋቱ እጠራለሁ።

ቀጥለውም ስሙን ጠሩት። ለአንደበታቸው ከብዷቸው እየተንተባተቡ፣ ግን ጠሩት። እዚህ ቤት ውስጥ ያን ስም ከኔ በቀር የሚጠራው ከጠፋ ቆይቷል።

«ይሄ ባዕድ አምልኮ ነው» አሉ ጋሼ፣ ከነልብሱ እንደተጎማለሉ።

«ስም መጥራት ምን ነውር አለው?» አሉ አባባ። «እርስዎ የወንድምዎን ስም መቼ ጠሩት?»

እኔ ወጡን ልይ ብዬ ኩሽና ገባሁ። ጎረቤቴ ዓይኔን አየችው፤ ሽንኩርት ነው እንዳልል የሚከተፍ ሽንኩርት አልነበረም።

«እሺ ልል ነው» አልኳት።

«ዛሬ?» አለች ደንግጣ።

«ዛሬማ እንዴት ይሆናል። ሲመለሱ።»

«እሱስ ልክ ነሽ።»

ስወጣ የሆነውን ስሙኝ እንግዲህ። ከማዕድ በፊት ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ የሳሙራይ ልብሳቸውን አስተካክለው፣ በሕይወታቸው ተናግረውት በማያውቁት ለስላሳ ድምፅ፣ «የተከበሩ እንግዳችን፣ የመጡበትን ጉዳይ ሰምተናል። ከባድ ጉዳይ ነው። በደንብ እንመካከርበት። ለዛሬው ይመለሱና ሌላ ቀን ይምጡ» አሉ። ከዚህ የሞቀ መልስ ከጋሼ አፍ ይወጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። አባባ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። እኔም ነቀነቅኩ።

ልጄ ተረጎመ። ሽማግሌው ግንባራቸው ምንጣፉን እስኪነካ ጎንበስ አሉ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ላይ ምንም አልነበረም። አመሰግናለሁ፣ አስቸግሬያችኋለሁ አሉ። ጋሼ ወደኔ ጎንበስ ብለው፣ «አየሽ? ባህል የሚያውቅ ሰው ነው» አሉኝ። ምሳ ቀረበ፤ ጎረቤቴ አጎረሰቻቸው፤ አሁንም አመሰገኑ። ልብሱን ከጋሼ ላይ አውልቀው እጥፋቱን ሳያዛንፉ አጣጥፈው፣ ከረጢታቸውን ይዘው፣ ልጄ እስከ ሆቴላቸው ሸኝቷቸው ሄዱ።

እኔ ያን ቀን ማታውን ለሚቀጥለው እሁድ ማሰብ ጀመርኩ። የነፍስ አባታችን ይገኙ፤ በግ ይታረድ፤ ጋሼ አዲስ ካልሲ ይገዛላቸው። ልጄ ሲመለስ ይህን ስነግረው ቆሞ አየኝ።

«እማ፣ እሳቸው እኮ ከነገ ወዲያ ይሄዳሉ።»

«እንዴት ይሄዳሉ? ተመለሱ ተባሉ እኮ!»

«እዚያ አገር 'እናስብበት' ከተባለ እምቢ ነው። ፊት ለፊት እምቢ ማለት ስለሚከብድ እንዲያ ነው የሚባለው። ሌላ ቀን ይምጡ ከተባለ ደግሞ አይኬድም።»

ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ይህን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ።»

«ተመለሱ ማለት እዚህ ምን ማለት እንደሆነስ?»

«እኔ...» አለና ቆመ። «እምቢ ያላችሁ መሰለኝ እማ። በስልክ ያን ያህል ስትቆጪ ነበር። እምቢ ካሉ ምን አደርጋለሁ ብዬ እንዳሉት ተረጎምኩት።»

«አንተ ደግሞ የየት አገር ልጅ ነህ?» ብዬ ጮኽኩበት። ደግሜ ግን አልጠየቅኩትም።

በማግስቱ ሄደህ እናቴ እሺ ብላለች በላቸው ብዬ ላክሁት። እኔ ራሴ ልሂድ ብል ቃሊቲ ላይ መንገዱ ተዘግቶ ሚኒባስ የለም፤ ደግሞ የሚጠየቅ ቤተሰብ እሺ ለማለት ወደ ሆቴል ሲሮጥ ታይቶ አይታወቅም አሉ ጋሼ። እስካሁን በዚህ ነገር እቆጣቸዋለሁ። ልጄ ሄዶ ነገራቸው። ሽማግሌው አላመኑትም። ለምነሃቸው ነው አሉት። እናት በልቧ እምቢ ካለች ልጇ ቢለምናት እሺ ትላለች፤ እኔ እንዲያ ያለውን እሺ መቀበል አልችልም፤ እንዳታስቸግራቸው አሉት። እኔ ለእምቢታ ብዬ አንገቴን የነቀነቅኩ መስሏቸው፣ ያቺን መነቅነቄን ይዘው አውሮፕላን ተሳፈሩ።

ልጄ እረፍቱ ሲያልቅ ተመለሰ። እዚያው ቤት ይሠራል። እየደወልኩ፣ «እሺ ማለቴን ነገርካቸው?» እላለሁ።

«አሁን ጊዜው አይደለም እማ።»

«ጊዜው መቼ ነው? ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው።»

ሁልጊዜ ደህና ናቸው። ሴቷ ልጄ ደግሞ እዚያ የሄዱ ጎብኚዎች የሚለጥፉትን ቪዲዮ እየፈለገች ታሳየኛለች። በፊት ሽማግሌው፣ ሰሌኑን የሚቆርጡበት ተራ እስኪደርስ፣ ጥግ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። አሁን የሚያለብሰውም፣ የሚያስተምረውም፣ ሰሌኑን የሚቆርጠውም ልጄ ብቻውን ነው። ያ ጥግ ባዶ ነው። ብጠይቀው፣ «ወገባቸውን አሟቸው ውስጥ ናቸው» አለኝ። በሌላ ጊዜ ብጠይቀው ሐኪም ቤት ለምርመራ ሄዱ አለኝ። ስልኩን ስጥልኝ ስለው ተኝተዋል አለኝ፤ እዚያ ቀትር ነበር። በሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነገርም የሚለውን ከኛው ነው የተማረው፤ ያንን እንኳ አልረሳውም። እኔ ግን መደንገጤን እችላለሁ፤ የማልችለው አለማወቄን ነው።

ይህን የምታነቡ፣ ለትምህርትም ለሥራም ለጉብኝትም ወደዚያ አገር የምትሄዱ ትኖራላችሁ። የሳሙራይ ልብስ ከሚለበስባቸው ቤቶች በአንዱ በር ላይ ረጅም ኢትዮጵያዊ ልጅ ቆሞ ቢቀበላችሁ የኔ ነው። ስለ እሱ አትጻፉልኝ፤ እሱን በየሳምንቱ እሰማዋለሁ። የቤቱን ባለቤት፣ ሽማግሌውን ግን ጠይቁልኝ። በሕይወት አሉ? እሺ ማለቴን ሰምተዋል? እባካችሁ የምታውቁትን ንገሩኝ።